«ይለጠፍበታል» የሚባለው ምንድን ነው?

ነፍሰ ጡሯ ሙዝ ልትልጥ ስትል ከጎኗ ያሉት እናት «ተይው ልጄ፣ ይለጠፍበታል» ይሏታል። የሚከለከለው ምግብ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። አንዱ ጋ ወተትና አይብ ነው፣ ሌላው ጋ ሙዝ ወይም ተልባ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ የበላችው ነገር ፅንሱ ገላ ላይ ይጣበቃል።

እምነቱ ከሜዳ አልመጣም። ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ ጀርባቸው፣ ብብታቸውና ብሽሽታቸው ላይ ነጭ፣ ወፈር ያለ ቅባት ይታያል። ያዋለደችው ሴት «ይኸው ወተቱ!» ብትል አይፈረድባትም።

ቅባቱ ቬርኒክስ ይባላል። የሚሠራው ሕፃኑ ራሱ ነው፤ ከቆዳው ከሚመነጭ ቅባትና ከረገፉ የቆዳ ሴሎች። አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ፅንሱ ወራቱን ሙሉ በሽርት ውሃ ውስጥ ስለሚቆይ ቆዳውን ይጠብቅለታል። ወተት በአፏ ያልዞረ እናት ልጅም ይህንኑ ተቀብቶ ይወለዳል። ቀኑ ያለፈበት ልጅ ላይ ግን ብዙም አይገኝም። ፈግፍጎ ማስለቀቅም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃኑ የመጀመሪያ ገላ መታጠብ በ24 ሰዓት እንዲዘገይ ይመክራል።

ሙዙስ የት ገባ? ጨጓራና ማሕፀን አይገናኙም። ምግቡ አንጀት ውስጥ ይፈጫል፣ ወደ እናትየው ደም ይገባል። በእንግዴ ልጁና በእትብቱ አልፎ ፅንሱ ጋ የሚደርሰው ሙዙ ራሱ ሳይሆን እንደ ስኳር፣ ደቅቆ የተፈጨ ፕሮቲንና ብረት ያለው ንጥረ ነገር ነው።

ሌላው ፍርሃት «ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጸናብሻል» የሚለው ነው። በዚህኛው አልስቅም። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ቦታ የጸና ምጥ እናትንም ልጅንም ይዞ ይሄዳል። ግን መራብ ዳሌ አያሰፋም። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ልጅ በቀላሉ ይታመማል። ደም ያነሳት እናት ደግሞ ስትወልድ ብዙ ከፈሰሳት የመቋቋም አቅሟ ትንሽ ነው። ልጅ ከልክ በላይ የሚገዝፈው በተለይ ስኳር ያለባቸው እናቶች ላይ ነው፤ እሱም በክትትል ይታወቃል።

የድሮ ክልከላ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አረቄ ይቅርብሽ ያላት ሰው ልክ ነው። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ቢቀሩ ይሻላል፣ በሽታ ያመጣሉ። የሚያሳዝነው የፈላው ወተት፣ እንቁላሉና ጎመኑ አብረው መከልከላቸው ነው። እንጀራ በሽሮ ብቻ ስንት ወር ይገፋል?

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብልም ከዚህ ወሬ አላመለጠም። ልጁን ያወፍራል ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር አለ። ሥራው ግን የደም ማነስን መከላከል ነው። የምትወስደው ሴት ከቡና ጋር ባታደርገው ጥሩ ነው፣ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሰዋል። በብርቱካን ጭማቂ ብትወስደው ይሻላል።