ካቴናው ነው ብላችሁ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት

ያረጀ ኤስዩቪ ጠዋት ሲነሳ ከሞተሩ ፊት በኩል መንኳኳት ከጀመረ ለባለቤቱ ሁለት ዓይነት ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ «ካቴናው አልቆለታል፣ ሌላ ሞተር ፈልግ» ይላል። ሌላው «ካቴና ምንም አይሆንም፣ ዝም ብለህ ንዳ» ይላል። ሁለቱም ሳያዩ ፈርደዋል። ካቴና የምንለው በሞተሩ ውስጥ ቫልቮቹ (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሮቹ) በሰዓታቸው እንዲከፈቱ የሚያደርገውን የብረት ሰንሰለት ነው። በዚህ ጉዳይ የምንሰማቸውን አባባሎች እንያቸው።

«ካቴና የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው»

ይህ የመጣው በሌሎች ሞተሮች ያንኑ ሥራ ከሚሠራው የጎማ ቺንጊያ ጋር ከማወዳደር ነው። ቺንጊያ የተወሰነ የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር አለው፤ ለካቴና ግን ብዙዎቹ አምራቾች አላስቀመጡም። አይቀየርም ማለት ግን አይደለም። ካቴናው ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር ያያይዛል። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። ይህ ልክ ሲዛባ ቫልቮች ያለሰዓታቸው ይከፈታሉ።

መካኒኮች «ተለጥጧል» ሲሉ ብረቱ እንደ ላስቲክ ተስቧል ማለታቸው አይደለም። የየመጋጠሚያው ፒን በጥቂት በጥቂቱ ይበላል፣ የሁሉም ሲደመር ካቴናው ይረዝማል። ደግሞም ቀድሞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ካቴናው ራሱ ሳይሆን የሚንሸራተትበት የፕላስቲክ ጋይድ ወይም በዘይት ግፊት ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር ነው። በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የነበረው ባለ 4.0 ሊትር ኤስኦኤችሲ (ካምሻፍቱ ከላይ የሆነ) ቪ6 ሞተር በዚህ ስሙ ጠፍቷል። ከካቴናዎቹ አንዱ የተገጠመው በሞተሩ ጀርባ ነው። እሱን ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ መውረድ አለበት። ይህን የነደፈው ሰው መካኒኮችን ይወድ ነበር ለማለት ይከብዳል።

«ኤስዩቪ ከሆነ ካቴና ነው ያለው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 የወጣውን ቶዮታ ፎርረነር ውሰዱ። ባለ 4.0 ሊትሩ ቪ6 ካቴና አለው፣ ባለ 4.7 ሊትሩ ቪ8 ቺንጊያ። በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ ኮድ አረጋግጡ።

«ድምፁን ብቻ ሰምቼ እነግርሃለሁ»

ጎበዝ ጆሮ ያለው መካኒክ አለ። ግን የዳይናሞ ኩሽኔታ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የላላ የማርሚታ ቆርቆሮ፣ የካምሻፍቱን ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍልም ከካቴና የማይለይ ድምፅ ሊያወጡ ይችላሉ።

ስለዚህ ከቀላሉ ጀምሩ። መጀመሪያ ዘይቱን ለኩ። ዘይት ካነሰ ቴንሽነሩ ግፊት አያገኝም፣ ደህናው ካቴናም ይንኳኳል። ቀጥሎ ከሞተሩ ውጪ ያለውን የዳይናሞውን ቺንጊያ አውልቆ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ማስነሳት ነው። የውሃ ፓምፑም ሊቆም ስለሚችል ማቆየት አያስፈልግም። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ውጪ ነው፤ ካቴናው ነፃ ወጣ። ካልጠፋ ረጅም ካቻቢቴ የካቴናው ክዳን ላይ አስደግፎ በእጀታው በኩል ማዳመጥ ቦታውን ያጠብባል። በሚሽከረከር ነገር አጠገብ እንደሆናችሁ ግን አትርሱ።

ሰዓቱም ይናገራል። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ተንኳኩቶ ዝም ካለ፣ ቴንሽነሩ ዘይት እስኪሞላ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሆኖም ካላቆመ ነገሩ ከብዷል። በሁለቱም መካከል ያለው ድምፅ ነው አስቸጋሪው።

«ኮምፒውተሩ ፒ0016 የሚል የብልሽት ኮድ ካወጣ ካቴናው ነው»

ኮዱ የሚለው ክራንኩና ካሙ አልተስማሙም ነው። ለምን እንዳልተስማሙ አይናገርም። ከፒ0016 እስከ ፒ0019 ያሉት ኮዶች በቆሸሸ ወይም ባነሰ ዘይት፣ በተጣበቀ የዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ በሞተ ሴንሰር ወይም በተበላ ሽቦም ይመጣሉ። እነዚህን ሳያዩ የሞተሩን ፊት ማስፈታት ገንዘብ መበተን ነው። እነሱ ደህና ከሆኑ የቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ክዳን ይከፈትና የካቴናው ልቅነትና የጋይዶቹ ሁኔታ በዓይን ይታያል። የዘይት ፊልትሩንም ቅደዱት። በውስጡ የፕላስቲክ ስብርባሪ ከተገኘ ብዙ ክርክር አያስፈልግም።

«ወፍራም ዘይት አድርግበት፣ ዝም ይላል»

ለጊዜው ዝም ሊል ይችላል፤ የተበላ ፒን ግን አይሞላም። እንዲያውም ብርድ ላይ ወፍራም ዘይት ቴንሽነሩ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። አምራቹ ያዘዘውን ተጠቀሙ፣ በጊዜውም ቀይሩት።

«እስኪበጠስ ልንዳውና ያኔ እቀይረዋለሁ»

ከሁሉም ውዱ ስህተት ይሄ ነው። በብዙ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን በየተራ የሚገቡት አንድ ቦታ ነው። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ወይም ከተበጠሰ ይጋጫሉ፣ ቫልቭ ይጣመማል። የካቴና ሥራ የነበረው የቴስታታ ሥራ ይሆናል። ጥርጣሬው ከጠነከረ መኪናውን አስጎትቱ።

ሞተሩ መንገድ ላይ በድንገት ከጠፋና ሞተሪኖው (ማስነሻው) ከወትሮው ቀለል ብሎ፣ ፈጠን ብሎ የሚያዞር ከመሰላችሁ ካቴናው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ቁልፉን ተዉት። «አንዴ ልሞክር» የሚለው ሰው ያልተጎዳውን ቫልቭ ሊጨምርበት ይችላል። አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊትም በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ ይግባ፤ ፒስተኑ ላይ የቫልቭ ምት ካለ ይታያል። ለአሮጌ መኪና ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በኋላ ነው።

«ካቴናውን ብቻ ቀይርልኝ»

ጉልበቱ የሚፈሰው መፍታቱ ላይ ነው። ካቴና፣ ጋይድ፣ ቴንሽነርና የተበላ ጥርስ ያለው ጊር አብረው ይቀየሩ። በአንዳንድ የኒሳን ቪ6 ሞተሮች የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ካቴናው ስለሆነ ያኔውኑ መቀየር ይሻላል። የተሰበረ ፕላስቲክ ካለ የዘይት ቋቱ ወርዶ ዘይት መሳቢያው ወንፊት ይጸዳ። በካቴናውና በጊሮቹ ላይ ያሉት የሰዓት ምልክቶች ከተገጣጠሙ በኋላ መካኒኩ ክራንኩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙረው። የሚያግደው ነገር ከገጠመው ይቁም እንጂ አያስገድድ። ሞተሪኖ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።