ሩሳልካ ምንድን ናት? ጭራ ግን የላትም

«ሩሳልካ ማለት የስላቮች ሜርሜድ ናት፤ ግማሽ ሴት፣ ግማሽ ዓሣ።» ሰሞኑን ይህንኑ ነገር አንድ ሰው በልበ ሙሉነት ጽፎት እንደገና አነበብኩ። ስንት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በቃኝ።

ሩሳልካ እግር አላት። በደቡብ ሩሲያ፣ በዩክሬንና በቤላሩስ ገጠሮች የሚተረከው ያለ ዕድሜዋ ስለተቀጨች ልጃገረድ ነው። ውኃ የበላት ወይም ለሠርጓ ሳትደርስ የሞተች ትሆናለች። አንዳንድ ቦታ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናትም ሩሳልካ ይሆናሉ ይባላል። በጰራቅሊጦስ ሰሞን ከውኃ ትወጣለች። ፀጉሯን ፈትታ በበርች ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ዥዋዥዌ ትጫወታለች። እህል ማሳ ውስጥ ትሮጣለች። መንገደኛ ካገኘች ኮርኩራ ትገድለዋለች። እስቲ ንገሩኝ፣ በዓሣ ጭራ ዛፍ ላይ የሚወጣው እንዴት ነው?

«ስሟ ራሱ ከወንዝ የመጣ ነው» የሚሉም አሉ። አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ምንጩን «ሮሳሊያ» ከሚባለው የሮማውያን የጽጌረዳ በዓል ያደርጉታል። በዚያ በዓል መቃብር ላይ አበባ ይቀመጥ ነበር። ስሙ መጀመሪያ የበዓሉ ነበር፣ ኋላ ወደ እሷ ዞረ።

ታዲያ ጭራው ከየት መጣ? እንደኔ ጥፋቱ የመድረኩን ሩሳልካ ከመንደሯ ጋር ማምታታት ነው። ጀበናውን አስቡት። አቦሉ የመንደሩ ትረካ ነው። ቶናው የሩሲያው ገጣሚ ፑሽኪን ስለ ሩሳልካ ጀምሮ ሳይጨርሰው የተወው ድራማ ነው። የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ዳርጎሚዥስኪ እ.ኤ.አ. በ1856 ያንን ኦፔራ አደረገው፤ ይህ በረካው ነው። ቀጥኗል፣ ግን ቡናው ያው ነው። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ድቮርዣክ በ1901 ፕራግ ላይ ያቀረበው «ሩሳልካ» የተባለ ኦፔራ ግን ሌላ ነው። የግጥሙ ጸሐፊ ክቫፒል ከጎረቤት ቡና ተበድሮ ጨምሮበታል፤ ከዴንማርኩ ደራሲ አንደርሰንና ከጀርመኑ ደራሲ ፉኬ ተረቶች። ለፍቅር ብላ ድምፅዋን የምትሰጠው ልጅ የአንደርሰኗ ሜርሜድ ናት። የወጣው ቡና ግሩም ነው፤ ለጨረቃ የምትዘፍነውን በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀራል። ያንን ቀምሶ ግን «የዚህ መንደር ቡና እንዲህ ነው» ማለት አይቻልም።

የዳንስ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። «ባህላዊ» ተብሎ መድረክ ላይ የሚታየውንም ቢሆን እንዳለ አትመኑት። የመንደሩ ክብ ጭፈራ፣ ሖሮቮድ፣ ፊትና ኋላ የለውም። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። መድረክ ላይ ሲወጣ ግማሹ ጨፋሪ ለተመልካች ጀርባውን ይሰጣል። ስለዚህ ኮሪዮግራፈሩ ክቡን ይከፍተዋል። ያን ጊዜ ጭፈራው የሚደረገው ለሚያየው ሰው ይሆናል።

የድቮርዣክን ኦፔራ ካያችሁ መጀመሪያውን ልብ በሉልኝ። መጋረጃው እንደተከፈተ ሦስት የደን መናፍስት በጨረቃ ብርሃን እየዘፈኑና እየጨፈሩ የውኃውን ሽማግሌ ያበሽቁታል። ስማቸው ሩሳልካ አይደለም። የመንደሯን ሩሳልካ የምትመስሉኝ ግን እናንተ ናችሁ እላቸዋለሁ፣ ባየኋቸው ቁጥር።