ከስሊቭ በኋላ የሚመጣው ሪፍለክስ ምንድን ነው?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። አንዲት ሴት ሳል አንቋት ከእንቅልፏ ትባንናለች። ጉሮሮዋ ላይ የሚያቃጥል፣ የሚኮመጥጥ ፈሳሽ መጥቷል። ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ከዚያ ሁለት ትራስ ደራርባ፣ ቁጭ እንዳለች ለማሸለብ ትሞክራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ክብደት ለመቀነስ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና አድርጋለች። ኪሎዋ ወርዷል፤ ስኳሯ ተስተካክሏል፤ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን አያማትም። ይሄ የሌሊቱ ጣጣ ግን ከዚያ በፊት አልነበረባትም።

ይህቺ ሴት ምሳሌ ናት። ታሪኳ ግን ስሊቭ ካደረጉ ሰዎች አፍ ደጋግሞ የሚሰማ ነው። አንዳንዶቹ «ጨጓራ ይዞኝ ነው» ብለው ያልፉታል። ሌሎች ደግሞ ቀዶ ጥገናው ስለጠቀማቸው፣ አሁን ማማረር ውለታ ቢስነት ይመስላቸዋል። አይደለም። ችግሩ በሰውነት አሠራር የሚገለጽ ምክንያት አለው፤ ሕክምናም አለው።

ሪፍለክስ ማለት ጨጓራ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ መመለሱ ነው። ቃር ደግሞ ያ ነገር ቧንቧውን ሲነካው የሚሰማን ማቃጠል ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቃር ሳይኖር ሪፍለክስ ሊኖር ይችላል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የምግብ ቧንቧና ጨጓራ በሚገናኙበት ቦታ ላይ በር አለ። የቧንቧው ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ጡንቻ አለ፤ ስንውጥ ይከፈትና መልሶ ይዘጋል። ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ዙሪያውን ይዞ ያግዘዋል። ሦስተኛው አጋዥ ብዙም አይወራለትም። ቧንቧው ጨጓራ ውስጥ የሚገባው በጎን፣ ሰያፍ ሆኖ ነው። ከመግቢያው ከፍ ብሎ የጨጓራው አናት እንደ ጉልላት ይነሳል። ፈንደስ ይባላል። ስንበላ ፈንደስ ይለጠጥና ምግቡን ያለ ብዙ ግፊት ይቀበላል። ሲሞላ ደግሞ መግቢያውን ከጎን ተጭኖ እንዲዘጋ ይረዳዋል።

ስሊቭ የሚነካው ይህንን ነው። ሐኪሙ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል። ፈንደስም አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው የሙዝ ቅርጽ ያለው ጠባብ ቱቦ ነው። ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው ፈንደስ ውስጥ ስለሆነ፣ መቆረጡ ክብደት ለመቀነስ ይረዳል። በሩን ግን ይጎዳል። ሰያፉ አገባብ ይቃናል፤ በሩን የሚያጠብቁት የጡንቻ ክሮችም አብረው ሊቆረጡ ይችላሉ።

ከዚያ ግፊቱ አለ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰፊ ፌስታል ውስጥ ብትጨምሩ ፌስታሉ ምንም አይመስለውም። ያንኑ ውሃ ጫፉ የታሰረ ቀጭን ጎማ ውስጥ ብታስገቡ ጎማው ይወጠራል። ከስሊቭ በኋላ ያለው ጨጓራ እንደ ጎማው ነው። ታች በኩል ፓይሎረስ የሚባለው የመውጫ ጡንቻ እንዳለ አለ፤ በራሱ ጊዜ ካልሆነ አይከፍትም። ላይኛው በር ደግሞ ተዳክሟል። የተወጠረ ነገር የሚወጣው በደካማው በኩል ነው።

አንዳንዴ ሌላ ነገርም ይጨመርበታል። ቱቦው መሃል ላይ፣ በሚታጠፍበት ቦታ ሊጠብ ወይም ሊጠማዘዝ ይችላል። ከድያፍራሙ ቀዳዳ አልፎ ወደ ደረት የወጣ የጨጓራ ክፍል ሊኖርም ይችላል፤ ሂያታል ሄርኒያ የሚባለው ነው። ሄርኒያው ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረና ሳይጠገን የቀረ ወይም ኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉም ሰው አይባባስበትም። ውፍረት ራሱ ሆድን ስለሚጫን የሪፍለክስ መንስኤ ነው። ስለዚህ ኪሎ ሲቀንስ ቃራቸው የሚተዋቸው ሰዎች አሉ። አንዱ ጎረቤት ዳነ፣ ሌላው ባሰበት ቢባል ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለማወቅ ፊንላንድ ውስጥ የተሠራው ስሊቭፓስ የተባለው ጥናት ጥሩ ነው። ከ2008 እስከ 2010 ድረስ 240 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ግማሾቹ ስሊቭ፣ ግማሾቹ ደግሞ ባይፓስ የሚባለው ሌላው የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ከ10 ዓመት በኋላ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በምትገባ ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ ሲታዩ፣ ስሊቭ ካደረጉት 31 በመቶው የምግብ ቧንቧቸው ቆስሎ ተገኘ። ከባይፓሶቹ 7 በመቶው ብቻ። ስዊዘርላንድ ውስጥ የተካሄደው ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ቀድሞ ሪፍለክስ ከነበረባቸው ሰዎች መካከል በ5 ዓመት ውስጥ የባሰባቸው ከስሊቮቹ 31.8 በመቶ፣ ከባይፓሶቹ 6.3 በመቶ ነበሩ።

ባይፓስ ለምን ይሻላል? ሩ አን ዋይ በሚባለው ባይፓስ የሚቀረው ጨጓራ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ነው። አሲድ የሚያመርቱት ሕዋሶች እዚያ ጥቂት ናቸው። ከረጢቱ በቀጥታ ከአንጀት ጋር ስለሚገናኝ ግፊት አይጠራቀምም። ሐሞቱም ከምግቡ ጋር የሚገናኘው ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ባይፓስ ግን የራሱ ጣጣ አለው። መጋጠሚያው ላይ ቁስለት ሊወጣ ይችላል፤ በተለይ ሲጋራ በሚያጨሱና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ።

ሚኒ ባይፓስ ደግሞ ሌላ ነው። ሮበርት ሩትሌጅ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1997 የጀመረው ነው። ጨጓራና አንጀት የሚገጣጠሙት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ቀዶ ጥገናው ያጥራል፤ ሐሞት ግን በዚያው መጋጠሚያ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚመለሰው ሐሞት ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሐኪም «የሚመጣው ይኮመጥጣል ወይስ ይመራል?» ብሎ ይጠይቃል። ጣዕሙ ብቻውን አያረጋግጥም፤ ግን ፍንጭ ይሰጣል። ቢጫ አረንጓዴ፣ መራራ ነገር እየመጣ ኦሜፕራዞል ለወራት እየዋጡ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ማለት የሚጠበቅ ነው። ኦሜፕራዞል የአሲድን ምርት ይቀንሳል እንጂ ሐሞትን አያስቆምም።

ባንድ፣ ማለትም የጨጓራን የላይኛውን ክፍል የሚያጠብ ቀለበት፣ ያሠሩም አሉ። ባንዱ ሲጠብቅ ምግቡ ከላይ ተጠራቅሞ ሪፍለክስ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ከባንዱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በመርፌ ስቦ ማላላት ነው የመጀመሪያው እርምጃ።

አሁን «ያዙልኝ» ወዳልኩት ነገር ልመለስ። ቃር ከሌለ ሪፍለክስ የለም ማለት አይደለም። የሌሊት ሳል፣ ጠዋት የሚጎረንን ድምፅ፣ የጥርስ መሸርሸር፣ የባሰ አስም፣ ሁሉም ከሪፍለክስ ሊመጡ ይችላሉ። ምንም ሳይሰማቸው የምግብ ቧንቧቸው የቆሰለም አሉ። ቁስሉ ለዓመታት ሲቆይ የቧንቧው ሽፋን የአንጀትን ዓይነት ሽፋን ወደመሰለ ነገር ሊቀየር ይችላል። ባሬት ኢሶፋገስ ይሉታል። ባሬት ካንሰር አይደለም፤ ባሬት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይዛቸውም። ግን አደጋውን ከፍ ስለሚያደርግ ክትትል ይፈልጋል። የፊንላንዱ ጥናት በ10 ዓመት ያገኘው ባሬት በስሊቮቹም በባይፓሶቹም 4 በመቶ ነበር። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የውፍረት ቀዶ ጥገና ፌዴሬሽን፣ ኢፍሶ፣ ስሊቭ ወይም ሚኒ ባይፓስ ያደረገ ሰው ምልክት ኖረውም አልኖረውም በ1 ዓመቱ ኢንዶስኮፒ እንዲታይ፣ ከዚያም በየ2 እስከ 3 ዓመቱ እንዲደገም የሚመክረው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቺን ቀጠሮ እንድትይዙ እመርጣለሁ።

ምርመራው ኢንዶስኮፒ ብቻ አይደለም። በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ባሪየም የተባለ ፈሳሽ ተጠጥቶ የሚነሳው ራጅ የቱቦውን ቅርጽ፣ ጥበቱንና መጠማዘዙን ያሳያል። አሲዱን ለመለካት ደግሞ በአፍንጫ በኩል የምትገባ ቀጭን ሽቦ ለ24 ሰዓት ትቀመጣለች። ትጎረብጣለች፤ ግን ትለመዳለች። ከ24 ሰዓቱ ከ6 በመቶ በላይ ለሚሆነው ጊዜ አሲድ ቧንቧው ውስጥ ከተገኘ ሪፍለክስ መኖሩ አያከራክርም።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእነ ኦሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። ማቃጠል ሲጀምር አይደለም የሚዋጠው። ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ምግብ ሊመጣ ሲል የሚነቁትን የአሲድ ፓምፖች ነውና። ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ቢ12ቱን ያስለካ። ካልሲየም የሚወስድ ከሆነም ሲትሬት የሚባለው ይሻለዋል፤ ለመመጠጥ አሲድ አይፈልግም።

ከመድኃኒቱ ጋር ልማዱም ይቀየር። ከመተኛት በፊት 3 ሰዓት ሲቀር መብላት ማቆም። ትንሽ ትንሽ፣ ቀስ ብሎ መብላት። ከምግብ ጋር አለመጠጣት። ሲጋራ ማቆም። በግራ ጎን መተኛት። የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፤ በራስጌ በኩል ካሉት የአልጋው እግሮች ሥር ጠንካራ ነገር ይገባል። ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን ብዙም አይረዳም። የዚያች ሴት ሁለት ትራስ የማያሳርፋት ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ካልበቃ የሚስተካከለው ቅርጹ ነው። የጠበበ ቦታ በባሉን ይሰፋል። ሄርኒያ ይጠገናል። ለከባዱ ሪፍለክስ ደግሞ ስሊቩን ወደ ሩ አን ዋይ ባይፓስ መቀየር የታወቀው መንገድ ነው። ሚኒ ባይፓስም ሐሞቱ ካስቸገረ ወደዚያው ይቀየራል። ብዙ ሰው «ለሌላው የሚሠራው የተለመደው የሪፍለክስ ቀዶ ጥገና ለእኔ ለምን አይሆንም?» ይላል። እሱ ፈንደስን በቧንቧው ጫፍ ዙሪያ እንደ ሻሽ መጠቅለል ነው። ስሊቭ ያደረገ ሰው ደግሞ የሚጠቀለል ፈንደስ የለውም።

ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ የሚያስሄዱ ምልክቶች አሉ። ሲውጡ መቀርቀር፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ድንገተኛ የደረት ሕመም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀን ከሌሊት እየደጋገመ የሚያስመልስ ሰው «ይለፍልኛል» ብሎ አይጠብቅ። ትውከቱ ሲቀጥል ቢ1 የተባለው ቫይታሚን በሳምንታት ውስጥ ያልቅና አንጎልን ይጎዳል። ዓይን መንሸዋረር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ቢ1 በደም ሥር ሊሰጥ ይገባል።

ገና ያላደረጋችሁ ደግሞ ቀላል ዕድል አላችሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ኢንዶስኮፒ ይደረግልኝ በሉ። ከባድ የቧንቧ ቁስለት ወይም ባሬት ከተገኘ ብዙ ጊዜ ሐኪሞች ከስሊቭ ይልቅ ባይፓስን ይመክራሉ። ቃር ካለባችሁ አትደብቁ። «ይህን ካልኩ አይሠሩልኝም» ብሎ ዝም የሚል ሰው አለ፤ የሚቀየረው ግን የቀዶ ጥገናው ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ያደረጋችሁት የትኛውን እንደሆነ የሚገልጸውን የቀዶ ጥገና ወረቀት አትጣሉ። ኮፒውን ቤት አስቀምጡ፤ ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሱት። «ጨጓራዬን ተቆርጫለሁ» ብቻ ብትሉ፣ ቀጥሎ የሚያያችሁ ሐኪም የሚፈልገው አሲድ ይሁን ሐሞት አያውቅም።