ኮንዲሽናል ኮምፓይሌሽን ምንድን ነው? («ያው ኢፍ ነው» ለሚሉ)

ኮንዲሽናል ኮምፓይሌሽን ማለት ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም (ኮምፓይል ሲደረግ) የትኛው ክፍል ወደ ፕሮግራሙ እንደሚገባ መምረጥ ነው። በሲ ቋንቋ ይህ ከሚጻፍባቸው ትእዛዞች አንዱ ኢፍዴፍ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ለጀማሪዎች ሲያስረዳ «ኢፍዴፍ ማለት ያው ኢፍ ነው፤ ፈጠን ይላል እንጂ» ሲል አየሁ። ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። አይደለም ወንድሜ፣ ያው አይደለም።

ኢፍ («እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚለው ተራ ትእዛዝ) የሚጠይቀው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው። ሁለቱም መንገዶች ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው) ፊት ቀርበው ተፈትሸዋል። የኢፍዴፍ ጉዳይ ግን ከዚያ በፊት ያልቃል። በሲ ቋንቋ ፕሪፕሮሰሰሩ (ከትርጉሙ በፊት ኮዱን የሚያዘጋጀው) ያልተመረጠውን ክፍል ቆርጦ ይጥለዋል። ኮምፓይለሩ አያየውም። እዚያ ውስጥ የሌለ ፈንክሽን ብትጠሩ፣ ሴሚኮሎን ብትረሱ፣ የሚናገራችሁ የለም።

የቅዳሜ ሹርን ዶሮ ወጥ አስቡት። እናቴ ጾም ላይ ሆና ነው የምትሠራው፤ አትቀምሰውም። ጨው ማነሱ የሚታወቀው ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም ስንፈታ ነው። ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ የዊንዶውሱን ኢፍዴፍ ስታስተካክሉም እንዲሁ ነው። አልቀመሳችሁትም፤ የሚቀምሰው ደንበኛው ነው። እናቴስ ቢያንስ በእንፋሎቱ ትገምታለች። እኛ ኮድ አሽትተን አናውቅም።

ፕሮጀክቱ ሲያድግ ድስቱም ይበዛል። እያንዳንዱ የሚበራ ወይ የሚጠፋ ምርጫ የፕሮግራሙን ዓይነት በ2 ያባዛዋል። 10 ምርጫ ካለ 1,024 ፕሮግራም፤ 20 ከሆነ ከ1 ሚሊዮን በላይ። እርግጥ አብረው የማይሄዱ ምርጫዎች ስላሉ ቁጥሩ ይቀንሳል። ቢሆንም የሞከራችሁት ሁለቱን ወይ ሦስቱን ነው።

አንድ የደረሰኝ ማተሚያ ሶፍትዌር ላይ ስሠራ፣ ከአንዱ ምርጫ ስም አንዲት ፊደል ተረስታ ሳምንት ሙሉ ደረሰኝ አልወጣም። ኤረር የሚባል ነገር አልነበረም። ሲ በ«#ኢፍ» (ከተራው ኢፍ የተለየ፣ የፕሪፕሮሰሰሩ ኢፍ) ውስጥ የማያውቀውን ስም ዝም ብሎ 0 ያደርገዋል። ጂሲሲ የተባለውን የሲ ኮምፓይለር በ«-ደብልዩአንዴፍ» ብታስነሱት ያስጠነቅቃችኋል። ግን ለ«#ኢፍ» ብቻ ነው! «#ኢፍዴፍ» ሥራው ራሱ «ይህ ስም አለ ወይ?» ማለት ስለሆነ፣ የተሳሳተውንም ስም «የለም» ብሎ ያልፋል። የእኛው ኢፍዴፍ ነበር። ሩስት የተባለው ቋንቋ ከ1.80 ጀምሮ (2024) የማይታወቅ ስም ሲያይ በካርጎ (ፕሮጀክት መገንቢያ መሣሪያው) በኩል ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ደግ አደረገ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ምርጫውን ከመስመር አውጥቶ ወደ ፋይል መውሰድ። የጾሙንና የፍስኩን ድስት መለየት በሉት። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) እንዲህ ያደርጋል። ምርጫው ከበራ ሜክፋይሉ (የሚተረጎሙትን ፋይሎች የሚዘረዝረው) ፋይሉን ያስገባል፤ ካልበራ ይተወዋል፤ በምትኩ ሄደሩ (ፋይሎች የሚጋሩት የፈንክሽን ዝርዝር) ውስጥ ባዶ ፈንክሽን ይቀመጣል። ጠሪው ኮድ ምንም አይጠይቅም። የከርነሉ የአጻጻፍ መመሪያም በሲ ፋይሎች ውስጥ ኢፍዴፍን በተቻለ መጠን እንድንሸሽ ይመክራል። ፈንክሽን መሀል የግድ ሲሆን «ኢዝ_ኢኔብልድ» የሚባል፣ ምርጫው መብራቱን የሚናገር ማክሮ (አጭር ስም) በተራ ኢፍ ውስጥ ይገባል። ኮምፓይለሩ ያንን ክፍል ይፈትሸዋል፣ ከዚያ የማይፈለገውን ይጥለዋል። ቀምሶ መድፋት ነው። (እዚህ ላይ ያ «ያው ኢፍ ነው» ያለው ሰውዬ ትንሽ እውነት አለው። ግን እሱ ይህንን ማለቱ አልነበረም።)

ድስት መለየት ብቻውን አያቀምስም። ሁሉንም ዓይነት በየለውጡ ኮምፓይል የሚያደርግ ማሽን ከሌለ፣ የተለየው ፋይልም ሳይቀመስ ይከርማል። ደግሞ ሁለት ፋይል ማለት አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ሲረሳ ማለትም ነው። የጋራውን ኮድ በሦስተኛ ፋይል አኑሩት።

ጎ ቋንቋ ላይ ምርጫው በፋይል ስም መጨረሻ ይነገራል፦ «_ሊኑክስ» ወይም «_ዊንዶውስ» የሚል ቅጥያ ይበቃል። ደስ ይላል። ግን አንድ ባልደረባዬ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚልክ ኮድ ጽፎ ፋይሉን «ኤክስፖርት_ጄኤስ.ጎ» አለው። ጎ «ጄኤስ»ን እንደ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስም ስለሚያየው ፋይሉን ዘለለው። ልጁ ግማሽ ቀን ሙሉ «ፈንክሽኑ እኮ ይኸው ተጽፏል!» እያለ ስክሪኑን ሲጠቁም ዋለ። ስሙን «ጄኤስ_ኤክስፖርት.ጎ» ስንለው ሠራ።