ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ ታካሚ የሚከፈለው "የዓመት ክፍያ" ምንድን ነው?

የሆስፒታል ወጪ ሲባል ቶሎ የሚታየን የአልጋ ቀንና የመድኃኒት ደረሰኝ ነው። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ግን በዚህ መንገድ ከተቆጠረ ሒሳቡ ይዛባል። ለዚህም ነው እንግሊዝ ውስጥ ኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ለሆስፒታሎች ታካሚው በተኛበት ቀን ሳይሆን በአንድ ታካሚ፣ ለዓመቱ የሚከፍልበትን አሠራር ያመጣው።

በሽታው ከእናትም ከአባትም በሚወረስ የጂን ችግር የሚመጣ ነው። ጨውና ውሃ በሴሎች በኩል በአግባቡ ስለማይተላለፍ በሳንባና በሌሎች አካላት ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ሳንባ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ የቆሽትን ቱቦ ስለሚዘጋም ምግብ በደንብ አይፈጭም። ታዲያ ሰውየው ደህና በሆነበት ወር እንኳ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያው፣ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱና የሥነ ልቦና ባለሙያው ሥራ አይፈቱም፤ ስልክ ይመልሳሉ፣ አክታ ያስመረምራሉ፣ የትንፋሽ ልኬት ያያሉ፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ በአልጋ ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ኢንፌክሽኑ ሲነሳ ነው ወጪው የሚንረው። ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል በደም ስር አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ያውም ለብቻ በተያዘ ክፍል፣ ምክንያቱም ጀርሙ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ሁለቱን አንድ ክፍል ማስተኛት አይቻልም።

እንግዲህ አስቡት፤ ክፍያው በአልጋ ብቻ ቢሆን ታካሚዎቹን ተከታትሎ፣ አንቲባዮቲኩንም ቤታቸው ሆነው እንዲወስዱ አሠልጥኖ ከአልጋ ያራቀው ጎበዝ ሆስፒታል ይከስራል።

በዓመት ክፍያው ታካሚዎች እንደ በሽታቸው ክብደት ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይመደባሉ። በዓመቱ ስንት ቀን በደም ስር አንቲባዮቲክ ወሰደ? ስኳር ጀምሮታል? በቱቦ ነው የሚመገበው? መረጃው የሚመጣው ከአገሪቱ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ መዝገብ ነው። ቀላሉ ትንሽ፣ ከባዱ ብዙ ያስከፍላል።

በዚህ ክፍያ ውስጥ የማይገባው ውድ መድኃኒት ነው፣ እሱ ለብቻው ይታሰባል። ባይታሰብ ኖሮ ሌላውን ሁሉ ይውጠው ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ትሪካፍታ የሚባለው የዚህ በሽታ ክኒን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲፈቀድ የወጣለት ዋጋ ለአንድ ታካሚ በዓመት 311 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። እንግሊዝ ከእሱ ለቀደመው ክኒን፣ ለኦርካምቢ፣ የተጠየቀችው ለአንድ ታካሚ በዓመት 104 ሺህ ፓውንድ ነበር፤ ከአምራቹ ጋር ዓመታት ከፈጀ ድርድር በኋላ በ2019 ተስማሙ፣ የተስማሙበት ዋጋ ግን ምስጢር ነው። ትሪካፍታም፣ እዚያ ካፍትሪዮ ይሉታል፣ በ2020 ተከተለ።

አሁን ነገሩ ጥያቄ ያስነሳል። አዲሶቹ ክኒኖች የተስማሟቸው ሰዎች ሆስፒታል የሚተኙበት ቀን በጣም ቀንሷል። ጥሩ ዜና ነው! ግን የደም ስር አንቲባዮቲክ ቀን ሲቀንስ ደረጃውም ይወርዳል፣ ከደረጃው ጋር ደግሞ የሆስፒታሉ ገቢ፤ ፊዚዮቴራፒስቱና ነርሷ ግን ዛሬም ያስፈልጋሉ፣ ዕድሜያቸው የረዘመው ታካሚዎችም ስኳሩን፣ ጉበቱንና አጥንቱን የሚከታተልላቸው ሰው ይፈልጋሉ።