95 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሜትር ለምን ያንሳል?

95 ቁጥሩ ቢበልጥም ርዝመቱ ያንሳል፤ 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነውና። ስለዚህ ከማወዳደር በፊት ሁለቱን ወደ አንድ መለኪያ ቀይሩ። ወደ ትንሹ ስትሄዱ አባዙ፣ ወደ ትልቁ ስትመለሱ አካፍሉ። 2 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር 205 ሴንቲ ሜትር እንጂ 25 አይደለም።

በተግባር ለመሞከር የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ የመሰለ ነገር የለም። በጎኑ አስተኙትና ቁመቱን ለኩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በብዙ ማስመሪያዎች ላይ 0 ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ስለሚጀምር፣ የበርጩማው ጠርዝ ከ0 መስመር ጋር ይግጠም። ከ1 ከጀመራችሁ ውጤቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ማስመሪያው 30 ላይ ሲያልቅ በእርሳስ ምልክት አድርጉና 0ን ምልክቱ ላይ አሳርፋችሁ ቀጥሉ። 8 ከተጨመረ 38 ሴንቲ ሜትር፣ በ10 ሲባዛ 380 ሚሊ ሜትር ይሆናል።