ሐዘንና የቡድሂስቶች የተመስጦ ቆይታ፦ ለሐዋሳ አንባቢ

የተመስጦ ቆይታ ሰው ከቤቱና ከሥራው ለተወሰኑ ቀናት ተለይቶ፣ በዝምታ ተቀምጦ የገዛ አእምሮውን የሚከታተልበት የቡድሂስቶች ልማድ ነው። ዘመድ የሞተባቸው ሰዎችም ሐዘናቸውን ለመቋቋም ይሄዱበታል። ሱባኤ ገብቶ ለሚያውቅ መልኩ ብዙ እንግዳ አይደለም፤ ዋናው ልዩነት ፈጣሪን መለመን የሌለበት መሆኑ ነው።

ሐዋሳ ላይ ሞት ሲደርስ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያመጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቡና ያፈላል፤ የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ይህን የሚተካ ነገር የለም። ጭንቁ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ሰው ወደየኑሮው ይመለሳል፣ ሐዘንተኛዋም «በቃሽ፣ አታልቅሽ» እየተባለች እንባዋን ትውጣለች። በእኔ እምነት ተመስጦ የሚጠቅመው ለዚህ ጊዜ ነው እንጂ ለለቅሶው ሳምንት አይደለም።

ቡድሂዝም ስለ ሞት ፊት ለፊት ያስተምራል። በትውፊቱ ኪሳ ጎታሚ የምትባል እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን፣ ቡድሃ ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት የሰናፍጭ ፍሬ እንድታመጣ ላካት። ደጅ ለደጅ ብትዞርም ሞት ያልገባበት ቤት አጣች።

በስፋት የታወቀው ቪፓሳና የሚባለው የተመስጦ ዓይነት የ10 ቀን ቆይታ ነው። በርማ የተወለደው ኤስ ኤን ጎኤንካ እ.ኤ.አ. በ1969 ሕንድ ውስጥ ማስተማር ጀምሮ ሥልጠናውን በብዙ አገሮች አስፋፋ። ተሳታፊው ስልኩን አስረክቦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል፣ በቀን 10 ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ከአስተማሪውና ከአስተናጋጆቹ በቀር ከማንም አይነጋገርም። ክፍያ የለውም፤ ወጪው ቀደም ሲል በተሳተፉ ሰዎች መዋጮ ይሸፈናል። ነባር ተሳታፊ ከቀትር በኋላ አይበላም፤ ጠዋቱን ለምንጾም ለእኛ ተገላቢጦሽ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ትኩረቱ በአፍንጫ በሚገባውና በሚወጣው ትንፋሽ ላይ ነው። ይህን ጊዜ የሟች ድምፅ ይመጣል፤ የመጨረሻዋ ሌሊት ትመጣለች፤ «ቶሎ ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮ» የሚል ጸጸት ይከተላል። ተቀማጩ ከሐሳቡ ጋር አይከራከርም፣ አያባርረውምም። ደረቱ ላይ የከበደውን፣ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረውን ሳግ አስተውሎ ወደ ትንፋሹ ይመለሳል። እንባ ከመጣም ይፈሳል። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ትኩረቱ መላ ሰውነትን ይዳስሳል፤ በመጨረሻም ለፍጥረት ሁሉ በጎ መመኘት ይጨመርበታል።

ሐዘኑ ትኩስ የሆነበት ሰው ባይቸኩል ይሻላል፤ ያ ሁሉ ዝምታ ሊከብደው ይችላል። ማዕከሎቹም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንዳይገባ ይመክራሉ። በዓለም ጤና ድርጅት መለያ መሠረት ከ6 ወር በላይ የዘለቀና ኑሮን ያቃወሰ ብርቱ ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና እክል ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ሰው በቅድሚያ የአእምሮ ሐኪም ማየት አለበት። ሌላም ከመመዝገብ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ በጎኤንካ ሥልጠና ላይ ጸሎትና ሌላ የአምልኮ ሥርዓት ለ10 ቀን ይቆማል። ኪዳን ለሚያስቀድስም ሆነ አምስት ወቅት ለሚሰግድ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

አሜሪካዊው ምሁር ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና ከዚሁ ልምምድ የተቀዳ ቢሆንም ሃይማኖታዊ ሥርዓት የለበትም፤ ተሳታፊው በሳምንት አንድ ጊዜ ይማራል፣ በቀሩት ቀናት ቤቱ ሆኖ ይለማመዳል። ልጆቿን ለ10 ቀን ትታ መሄድ ለማትችል እናት ይህኛው መንገድ ይቀርባታል።